በሁለት ብረት መካከል

ሟቹ የእንጨት ርብራቡ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። በግራው ትልቁ የማጠቢያ ማሽን፣ በቀኙ እርጥብ ልብስ የሚዘረገፍበት የላሜራ ጠረጴዛ ቆሟል። በሁለቱም መዳፎቹ ላይ ትንሽ ጥቁር የቃጠሎ ምልክት ይታያል። ቦቲ ጫማው ደረቅ ነው፤ ርብራቡም ደረቅ ነው። ፊቱ ላይ ሊስቅ ሲል የተቋረጠ ሰው መልክ ቀርቷል። ያዩትን ሁሉ ያስፈራቸው ይኸው ፊቱ ነበር።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ መዳፎቹን አየች። ከዚያ ጫማውን አውልቃ እግሮቹን አገላብጣ ተመለከተች። እግሮቹ ምንም ምልክት የላቸውም።

«እግሩን ለምን?» አላት አብሯት የመጣው አስር አለቃ።

«ከረንቱ የገባበትን አየሁ። የወጣበትንም ማወቅ አለብኝ። በአንድ እጁ ገብቶ በሌላው ነው የወጣው። በልቡ በኩል አልፏል ማለት ነው።»

የሥራ ባልደረቦቿ በሐሜት «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ታውቃለች፤ ለምን እንደሚሏት ግን ጠይቃ አታውቅም።

ስልኳ ጮኸ። አዛዧ ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሰላምታ ሳያቀርብ። «ሰውየውን የገደለው ኤሌክትሪክ ነው። እዚያ ቤት ኤሌክትሪክ የምታውቀው ሴት ልጁ ብቻ ናት። ማሽኑ ሰው ይገድላል ስትል የከረመችውም እሷ ናት። እስከ ማታ ይዘሻት ነይ።»

«ይገድላል ብሎ ያስጠነቀቀ ሁሉ የሚታሰር ከሆነ፣ በቅድሚያ ሐኪሞቹን ልሰር?»

«ቀልድ አልፈልግም። እስከ ማታ!»

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ አንድ በር ብቻ ነው ያለው። የሟቹ ሚስት ወንበር ስባ እዚያው በር ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ኤሌክትሪክ ልማር ያለች ቀን ይቺ እናት በልቧ ቀብራት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር «ይኸው መጣ» ትላለች። መዓቱ ግን እሷ ስትጠብቀው በኖረችበት በር አልመጣም፤ ባሏን ወሰደ። አሁን ደግሞ ልጇን ሊወስድ ተመልሶ የቆመ መሰላት።

«እንባዬ ኋላ ይደርሳል» አለቻቸው፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ልጄን የሚወስድ ሰው ግን በእኔ ላይ ተራምዶ ነው የሚያልፈው። ይህን ለአለቃችሁ ንገሩልኝ።»

መርማሪዋ መጀመሪያ ያነጋገረችው አጣቢዋን ነው። ሴትዮዋ አሁንም እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፤ እጇ ግን ከደረቀ ቆይቷል።

«የጠዋት ፍተሻ እንለዋለን» አለች። «ጋሼ ማሽኑን ያስነሳሉ። ርብራቡ ላይ ይወጣሉ። ግራ እጃቸውን ማሽኑ ላይ፣ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉና ‹ይኸው! የት አለ ከረንቱ? ኢንጂነር፣ ነይ እይ!› ይላሉ። ኢንጂነር የሚሉት ልጃቸውን ነው። እንስቃለን፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል። ዛሬ ‹ይኸው› ብለው ሁለተኛውን ሳይጨርሱ ቀሩ።»

«ለምንድነው እንደዚያ የሚያደርጉት?»

«እኛ እንዳንፈራ ነዋ! ጌታው ራሱ ነክቶት ካልሞተ እኛ ምን እንሆናለን?»

«ትላንት አንቺ ሁለቱን ብረቶች ባንዴ ነክተሻል?»

«ኧረ ስንቴ! ቀኑን ሙሉ በግራ እጄ የማሽኑን አፍ ይዤ፣ በቀኜ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ስጎትት ነው የምውለው። እስክንዘጋ ድረስ ምንም የለም። ከርብራቡ ወርጄ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ማሽኑን ስነካው ግን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ለኢንጂነር ነገርኳት፣ አበደች። ጋሼ ደግሞ ሳቁ።»

«ከፍተሻው በፊት አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ማሽኑን፣ ጠረጴዛውን፣ ሥር ሥሩን ሁሉ እወለውላለሁ። ዛሬስ ትንሹ ጋሼ አሳረፉኝ። ‹እኔ ወልውዬዋለሁ፣ አንቺ በር ላይ ያለውን ጥቅል አስገቢ› አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው።»

ትንሹ ጋሼ የሚባለው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው።

መርማሪዋ ተንበርክካ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ከጠረጴዛው እግር ላይ አዲስ የመዳብ ሽቦ ተነስቶ፣ በግድግዳው ጥግ ወዳለው የብረት ውኃ ቧንቧ ሄዷል። ቧንቧው ሽቦው የታሰረበት ቦታ ላይ ተፍቆ ያብለጨልጫል። በማሽኑ ጎንና በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ትይዩ የሆኑ የቡሎን ቀዳዳዎች አሉ። ዙሪያቸው ሁሉ የደረቀ ሳሙናና የልብስ ብናኝ ነው። በቀዳዳዎቹ ላይ ብቻ ጠባብ ንጹህ ብረት ይታያል። ለረጅም ጊዜ የተጋደመ ነገር ከዚያ ላይ ተነስቷል።

«እዚህ ምን ነበር?»

«ጠፍጣፋ ብረት ነዋ! ጠረጴዛውን ከማሽኑ ጋር የሚይዝ። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው እየሸሸ አስቸግሮን ነው ጋሼ ያሰሩት።» አጣቢዋ አንገቷን አስግጋ አየች። «ውይ! የት ሄደ?»

መርማሪዋ ጉልበቷን አራግፋ ተነሳች።

ልብስ ተኳሹ ነገር ሲያወራ እጁ ካውያ የያዘ ይመስል አየር ላይ ይመላለሳል።

«እኔ የማየው ሸሚዝ ነው፤ ሰው አይደለም» ብሎ ጀመረ። «ግን አየሁ። ጋሼ ሲወድቁ ሁላችንም በርግገን ወደ ኋላ። ኢንጂነር ‹አትንኩት! ምንም አትንኩ!› እያለች ወደ ዋናው ብሬከር ሮጠች፤ ብሬከሩ እዚያ ማዶ ነው። ጀግናው ትንሹ ጋሼ ናቸው። ርብራቡ ላይ ዘለው ወጥተው ማሽኑን ከራሱ ማጥፊያ አጠፉት። ያውም ሌላው እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ! ሽርሽር የወጡ ነበር የሚመስሉት።»

«ወንድማማቾቹ ይስማሙ ነበር?»

«እንደ አንገትና እንደ ኮሌታ። አንዳንዴ ኮሌታ ያንቃል እንጂ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቀደም ጋሼ ሰብስበውን ‹ከእንግዲህ ይህን ቤት የምትመራው ልጄ ናት› አሉን። ትንሹ ጋሼ ቀድመው አጨበጨቡ። ማንም ሳያጨበጭብ ነው የጀመሩት። ብቻቸውን ትንሽ ቆዩ።»

ልጅቷ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ ቆማለች። አላለቀሰችም። መርማሪዋ ወንበር ብትሰጣትም አልተቀመጠችም።

«ሊያስሩኝ እንደመጡ አውቃለሁ» አለች። «ይሰሩኝ። ግን ያላደረግኩትን አደረግኩ አልልም። ዓመት ቢያቆዩኝም አልልም።»

«ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ሽቦ የማን ነው?»

«የኔ ነው። ከቦርሳዬ የተወሰደ ነው። ቦርሳዬ እዚህ ነው የሚያድረው።»

«ማሽኑ ምን ሆኖ ነው?»

«ሞተሩ ውስጥ ሽቦ ተልጦ ገላውን ነክቶታል። ከረንቱን ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት ሽቦ በቦታው ቢሆን ኖሮ ብሬከሩ ወድቆ ይቆርጠው ነበር፤ በፊትም ሲቆርጥ ነበር። አባዬ ሥራ አስፈታኝ ብሎ የመሬት ሽቦውን ነቀለው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በበራ ቁጥር ገላው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው።»

«ታዲያ አባትሽ ትላንት ለምን አልሞተም?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ቮልት ለብቻው አይገድልም፤ የሚገድለው ልዩነቱ ነው። ሁለት በርሜል ውኃ እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጠው በቱቦ ቢያገናኟቸው፣ ውኃው ወዴትም አይሄድም። አንዱን ዝቅ ሲያደርጉት ነው የሚፈሰው። ማሽኑና ጠረጴዛው በዚያ ብረት ስለተያያዙ ሁለቱም እኩል ነበሩ። አባዬ ደግሞ ደረቅ እንጨት ላይ ነው የሚቆመው። በሁለት እጁ ሲነካቸው በእጆቹ መካከል ልዩነት የለም። የሱ ፍተሻ ከረንት የለም ማለት አልነበረም። እኩል ናቸው ማለት ብቻ ነበር። ስንቴ ነገርኩት!»

«ይህን ስትነግሪው ሌላ ማን ሰማ?»

ልጅቷ ወደ በሩ፣ ወደ እናቷ ጀርባ አየት አድርጋ ዓይኗን መለሰች። «አላስታውስም» አለች።

ትንሹ ጋሼ ረጅም፣ ጸጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ ሰው ነው። ከቀበቶው ላይ የሳሙና መጋዘኑ ቁልፍ ይንጠለጠላል።

«እኔ ልብስ ተቀብዬ ልብስ የማስረክብ ሰው ነኝ» አለ። «ከኤሌክትሪክ የማውቀው ማብሪያና ማጥፊያውን ነው። ልጅቷን ግን አደራ፣ እንዳታስጨንቋት። አባቷን ልታድን ብላ ይሆናል ሽቦውን ያሰረችው። ልጅ ናት፤ ተሳሳተች። እንደ ስህተት ይያዝላት።»

«ደግ አጎት ነዎት።»

«ሥጋዬ ናት። ምን ላድርግ?»

«ቤቱን ከእንግዲህ ማን ይይዘዋል?»

«እኔ አለሁ። ተበትኖ ይቅር?»

ከዚያ ወደ እናትየዋ ሄደች። ሴትዮዋ ለተጠየቀችው ሁሉ ከሚገባው በላይ ትመልሳለች፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትይዛለች፣ በየመሃሉ «ወይኔ፣ ይህንንስ ባልናገር» ትላለች። መርማሪዋ «ልጅዎ ስለዚህ ማሽን ቤት ውስጥ አውርታ ታውቃለች?» ስትላት ግን መልሱ አጭር ሆነ።

«አታወራም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

«እናቴ» አለች መርማሪዋ ቁጢጥ ብላ። «ልጅዎ እርስዎን ለማዳን ዝም ብላለች። እርስዎ እሷን ለማዳን ዝም ብለዋል። በሁለታችሁ ዝምታ መካከል ሌላ ሰው እየሾለከ ነው። አለቃዬ እስከ ማታ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷን የሚወስዳት እኔን የማይሰማ ሰው ነው።»

እናትየዋ የወንበሩን ክንድ ጨበጠች። ብናገርም ትሄዳለች፣ ባልናገርም ትሄዳለች ብላ አሰበች። ሁሉንም ክፉ ነገር አስቀድማ አይታዋለች፤ ያላየችው ክፉ አልነበረም። እንደዚህ ከሆነ የምትፈራው ምን ቀረ?

«አውርታለች!» አለች ድንገት። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ቤቱን ሞላው። «ምሳ ላይ። አባቷ ሲስቅባት ተናዳ ሰሃንና ማንኪያ ደርድራ አሳየችው። ‹ይህ ማሽኑ ነው፣ ይህ ጠረጴዛው ነው፤ አንድ ቀን አንዱ ሰው ይህን ብረት ፈትቶ ጠረጴዛውን ከቧንቧ ቢያገናኘው፣ እዚያው ትቀራለህ› አለችው። እኔ ‹አፍሽ ይቆረጥ፣ ምን ዓይነት ወሬ ነው› አልኳት። ይኸን ብናገር እሷ ናት ትላላችሁ ብዬ ነው የደበቅኩት!»

«ማን ማን ነበራችሁ?»

«እኛ ሦስታችንና የባሌ ወንድም።» ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ መጣ። «እሱ… እሱ እኮ ጠይቋት ነበር። ‹አንዱ እጅ ኪስ ውስጥ ቢሆንስ?› አላት። ‹እንጨቱ ላይ ከሆንክ ምንም አትሆንም› አለችው። እኔ ቀልዱን ነው ብዬ…»

«ይነሱ» አለች መርማሪዋ። «ወንበርዎን ይዘው ወደ ውስጥ ይግቡ። ሁሉም እንዲሰማ እፈልጋለሁ።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሁሉም በማሽኑ ዙሪያ ከርብራቡ ራቅ ብለው ቆሙ። መርማሪዋ ልጅቷን ከቦርሳዋ ሁለት ሽቦ የተገጠመለት አምፖል እንድታወጣ ጠየቀቻት። አስር አለቃው በዓይኑ «ተጠርጣሪዋን?» አላት። «እሷን» አለች መርማሪዋ ጮክ ብላ።

«ዋናውን ብሬከር አጥፍተሽ ትላንት እንደነበረው አድርጊው። ሽቦውን ከቧንቧው ፍቺ፤ ሁለቱን በዚህ ብረት አገናኚ።» ከአስር አለቃው እጅ ጠፍጣፋ ብረት ተቀብላ ሰጠቻት። ትንሹ ጋሼ ብረቱን ሲያይ እጁ ወደ ቀበቶው ሄደ።

ልጅቷ አሰረች። ማሽኑን አስነሳች። የላስቲክ ጓንት አጥልቃ የአምፖሉን አንድ ሽቦ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። አምፖሉ አልበራም።

«ተቃጥሏል» አለ ልብስ ተኳሹ።

«አንዱን ወደ ቧንቧው» አለች መርማሪዋ። ልጅቷ አንዱን ሽቦ ማሽኑ ላይ ትታ ሌላውን ቧንቧው ላይ ስታሳርፍ አምፖሉ ቦግ አለ። አጣቢዋ አፏን ያዘች።

«አምፖሉም የጋሼ ፍተሻም» አለች መርማሪዋ፣ «የሚሉት አንድ ነው። ማሽኑ ውስጥ ከረንት አለ። ጠረጴዛውም ውስጥ አለ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ስለሌለ ግን አምፖሉ አይበራም፣ ሰውም አይሞትም። ትላንት ይህ ነበር። አሁን ብሬከሩን አጥፊና ዛሬ ጠዋት የነበረውን አድርጊው።»

ብረቱ ተፈታ። ጠረጴዛው ከቧንቧው ጋር ታሰረ። ማሽኑ ተነሳ። ልጅቷ ሁለቱን ሽቦዎች ማሽኑና ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ አምፖሉ ዓይን እስኪወጋ በራ። እጇን ግን አላነሳችም። አባቷ ሁለት እጁን ያሳረፈው እዚያው ላይ ነው።

«እንዳልኩት ነው!» አለ ትንሹ ጋሼ። «ልታድነው ብላ አስራው…»

«ልታድነው ብላ ካሰረችው ብረቱ የት ሄደ? ልጄ፣ ብሬከሩን አጥፊ። ሽቦውን ተዪው፤ ብረቱን መልሰሽ እሰሪ። ከዚያ አስነሺው።»

ልጅቷ እንደተባለችው አደረገች። ማሽኑን ባስነሳች ቅጽበት ማዶ ያለው ብሬከር «ቷ!» ብሎ ወደቀ።

«ሰሙ?» አለች መርማሪዋ። «ሽቦውን ብቻ ያሰረ ሰው ማንንም አይገድልም፤ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ጋሼ ተናደው ይሳደባሉ፣ አለቀ። ብረቱን ብቻ የፈታ ሰውም አይገድልም። ሁለቱንም ያደረገ ሰው ግን ሊገድል ነው ያደረገው። ትላንት እስክትዘጉ አጣቢዋ ሁለቱንም ስትነካ ውላለች። ስለዚህ ከመዘጋቱ በኋላና ከፍተሻው በፊት ነው የተሠራው። ዛሬ ጠዋት ከሥሩ እንዳትወለውልና ብረቱ አለመኖሩን እንዳታይ ያደረጋት ማን ነው?»

አጣቢዋ ቀስ ብላ ወደ ትንሹ ጋሼ ዞረች። «አሳረፉኝ እኮ…» አለች።

«ወሬ ነው!» አለ እሱ። «ይህን ሁሉ የምታውቅ እሷ ናት! እኔ ስለ ቮልት ምን አውቃለሁ?»

«ጋሼ ሲወድቁ ሁሉም ሸሸ። ማሽኑ የገደላቸው መሰላቸዋ! ልጅቷ እንኳ፣ ከሁሉም የምታውቀው፣ ሌሊት ምን እንደተለወጠ ስላላወቀች ምንም ሳትነካ ወደ ዋናው ብሬከር ሮጠች። ማሽኑን በአንድ እጅ መንካት እንደማይገድል፣ የሚያስፈራው ጠረጴዛውን አብሮ መንካት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የለወጠው ሰው። ወንድሙ የወደቀበት ሰው በሁለት እጁ ነው የሚያነሳው። እርስዎ ግን አንዱን ኪስዎ ከተቱት። ምሳ ላይ የተማሩትን አልረሱም።»

ትንሹ ጋሼ እናትየዋን አያት። እናትየዋ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ነግሬያታለሁ» አለችው። «የጠየቅኸውንም፣ የተመለሰልህንም።»

«ብረቱ ደግሞ» አለ አስር አለቃው፣ «ከሳሙና ጆንያ ሥር ነው የተገኘው። መጋዘኑን በእርስዎ ቁልፍ ነው የከፈትኩት፤ ‹ምንም የለበትም፣ እይ› ብለው ሰጡኝ። ጆንያ አነሳለሁ ብለው አላሰቡም።»

ሰውየው የተበጠረ ጸጉሩን በእጁ በተነው።

«ይህን ቤት በጀርባዬ ነው ያቆምኩት!» አለ። «እሱ ይስቃል፣ እኔ እሸከማለሁ። ኋላ ለማን ሰጠው? እኔ አዝዬ ላሳደግኳት ልጅ! ‹አጎትሽን ታዝዢዋለሽ› አላት ፊቴ ላይ፤ ሊቀልድ!»

«አጎቴ» አለች ልጅቷ። «ሥራውን አብረን እንያዝ ልልህ ነበር። ለአባዬ ነግሬው ነበር።»

አስር አለቃው አጎትየውን ሲወስደው በሩ ላይ ማንም አልከለከለውም።

ስልኩ ጮኸ። መርማሪዋ ጆሮዋ ላይ ሳታስጠጋው ገና የአዛዧ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ቤቷ ናት» አለች። «ሌላ ሰው ይዤ እመጣለሁ። ደስ ካላለዎት ሲያዩኝ ይቆጡኛል።» ዘጋችው።

ልጅቷ ርብራቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እስካሁን የታሰረው እንባ ያኔ መጣ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ እማዬ» አለች። «አፌን ብዘጋ ኖሮ አባዬ ዛሬ ቤቱ ይገባ ነበር። ከእንግዲህ ለማንም ምንም አልናገርም።»

እናትየዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ለማባበል ጥሩ ሴት አልነበረችም፤ ስታባብል ሁልጊዜ ሌላ የሚያስፈራ ነገር ትጨምር ነበር። አሁን ግን አላባበለቻትም።

«ትናገሪያለሽ» አለች ቆጣ ብላ። «አባትሽን የገደለው አንቺ ያወቅሽው አይደለም። እኛ ስንስቅ ስለዋልን፣ ከሦስታችን አንድ ሰው ብቻ ስለሰማሽ ነው። ያም ሰው ክፉ ሆነ። ሁላችንም ሰምተን ቢሆን ኖሮ ይህቺ ሴትዮ የጠረጴዛውን ሥር ሳታይ ማሽኑ ሲነሳ ትጮህ ነበር።» ወደ አጣቢዋ ጠቆመች። «እኔም እጮህ ነበር። አፍሽ ይቆረጥ አልኩሽ፤ እንኳን አልተቆረጠ! ተነሺ።»

«አሁን?»

«አሁን! ነገ ሞት ይመጣል ወይ ብዬ ዘመኔን ጨረስኩ። ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም።»

አጣቢዋ ሽርጧን ለቃ ቀረበች። ልብስ ተኳሹም ቀረበ፣ ለአንዴ እንኳ ሳይቀልድ። መርማሪዋ መውጣት ነበረባት፤ ግን ቆመች።

ልጅቷ ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

«ከየት ልጀምር?» አለች።

«እኔ ካልገባኝ ቦታ ጀምሪ» አለች እናቷ። «ከመጀመሪያው።»